የባሬታ እጆች

ፓሪስ ውስጥ በሴን ሉዊ ሆስፒታል ግቢ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ ከመስታወት ጀርባ የተዘረጋ አንድ እጅ አለ። መዳፉ ወደ ላይ ዞሯል፤ ጣቶቹ ከምሳ በፊት ውሃ እንዲፈስለት እንደተዘረጋ እጅ ላላ ብለው ታጥፈዋል። በአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ሞላ ብሏል። የመዳፉ መስመሮች፣ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያሉት እጥፋቶች ሁሉም በየቦታቸው አሉ። በዚህ መዳፍ ላይ ምስር የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ቀይ ናቸው እንዳትል ጠቁረዋል፤ ቡኒ እንዳትላቸው ደግሞ ቀልተዋል፤ የቆየ መዳብ ይመስላሉ። ሁለቱ በትክክል መስመሩ ላይ አርፈዋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ በአንዳንዶቹ ዙሪያ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ቅርፊት ቀለበት ሠርታለች። እጁ ሰም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እንዲሁ ተዘርግቶ ኖሯል።

ከዚህ እጅ ፊት ለረጅም ጊዜ የቆምኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጤና መኮንን ሆኜ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ሰው ሆዱና ጀርባው ላይ የወጣ ሽፍታ ሊያሳየኝ መጣ። አያሳክከኝም፣ አያመኝም አለ። ከዚያ በፊት ጥቂት ቀን ትኩሳትና ድካም ብጤ ነበረብኝ፣ አሁን ግን ለቀቀኝ አለ። ሸሚዙን ገለጠ፤ እኔም አየሁ ብዬ አመንኩ። ለጭርት የሚሆን ቅባት ሰጥቼ ሸኘሁት። መዳፉን አላየሁም፤ ጫማውን እንዲያወልቅ አልጠየቅሁም። ሽፍታው ከሳምንታት በኋላ ጠፋ፤ ቅባቱ ያጠፋው መሰለው። ከወራት በኋላ ባለቤቱ ለእርግዝና ክትትል መጥታ ደሟ ሲመረመር ቂጥኝ ተገኘባት። በጊዜው ታከመች፤ ልጇም በጤና ተወለደ። የባልየውን የመጀመሪያ ካርድ አውጥቼ የራሴን የእጅ ጽሑፍ ሳነብ ግን የተሰማኝን አልረሳውም። በዚያ ካርድ ላይ ስለ ሽፍታው የጻፍኩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሽፍታ»።

ያ እጅ ስለ ሽፍታ ስንት ነገር ማለት እንደሚቻል ያሳያል።

የሠራው ሰው ዡል ባሬታ ይባላል። ሐኪም አልነበረም። ፓሪስ ውስጥ ፓሳዥ ዡፍሯ በሚባለው፣ ጣሪያው መስታወት በሆነ የገበያ መተላለፊያ ውስጥ ሱቅ ነበረው። በሙጫ ከተቦካ ወረቀት ፍራፍሬ እየሠራ ይሸጥ ነበር። ሻርል ላዬ የተባለ የሴን ሉዊ ሐኪም እነዚያን ፍሬዎች አየና ይህ እጅ ለሆስፒታሉ ይበጃል ብሎ አሰበ። በዚህ ታሪክ የምደነቀው ከባሬታ ይልቅ በሐኪሙ ዓይን ነው። የወረቀት ፍሬ ሕይወት ያለው የሚመስለው ሲያምርና ሲያብረቀርቅ አይደለም፤ በአንድ ጎኑ ፀሐይ የነካው ቅላት፣ በሌላው ጎኑ የተጋጨ ጠባሳ፣ በእሸቱ አጠገብ የደረቀ ነጥብ ሲኖረው ነው። ቅጠል ላይ ወይም ልጣጭ ላይ ያለውን ነውር በፍቅር የሚሠራ ሰው ለሰው ቆዳ ግማሽ መንገዱን ሄዷል። ላዬ ያንን አይቷል።

ሴን ሉዊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1607 የፈረንሳይ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ ለወረርሽኝ ታማሚዎች ከከተማው ቅጥር ውጭ ያሠራው ሆስፒታል ነው። ከ1801 ጀምሮ ዣን ሉዊ አሊቤር የቆዳ ሕክምናን እዚያ አስተማረ፤ በግቢው ዛፎች ሥር ታማሚዎችን አቁሞ ያስተምር እንደነበር ይነገራል። ችግሩ ግን ታማሚ ይድናል ወይም ይሞታል፤ ሽፍታም ይጠፋል። ተማሪው በጥቅምት ያየውን በየካቲት አያገኘውም። የተቀረጹ ሥዕሎች ያሏቸው መጻሕፍት ታተሙ። እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ የዚሁ ሆስፒታል ሐኪም አልፍሬድ አርዲ ከዴ ሞንሜዣ ጋር በፎቶግራፍ የተሠራ መጽሐፍ አወጣ፤ ቀለም ያልነበረውን ፎቶ በእጅ ቀለም ቀቡት። ፎቶው ግን ጠፍጣፋ ነው። እብጠትና ጉድጓድ፣ ደረቅና እርጥብ፣ የቆዳ ቀለምና ከቆዳ ሥር ያለ ቀለም ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይተኛሉ። ባሬታ የመጀመሪያውን የሰም ሥራ ለሆስፒታሉ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። በ1884 የሙዚየሙ ኃላፊ ሆነ። አዳራሹ የተመረቀው በ1889፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቆዳና የቂጥኝ ሐኪሞች ጉባኤ ፓሪስ ላይ ሲካሄድ ነው። ዛሬ በዚያ አዳራሽ ከ4,800 በላይ የሰም ሥራዎች አሉ፤ ከነዚህ ከ2,000 በላይ የሚሆኑት የባሬታ ናቸው።

አሠራሩን በአጭሩ ማለፍ አልፈልግም፤ የዕውቀቱ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው።

ታማሚው ይቀመጣል ወይም ይተኛል። ቆዳው ዘይት ይቀባል፤ ፀጉር ያለበት ቦታ ጀሶው እንዳይነጨው ይጠበቃል። ቀጠን ብሎ የተበጠበጠ ጀሶ ቀስ ተብሎ ይፈስበታል፤ የአየር አረፋ ከያዘ በኋላ ያ አረፋ የሌለ ብጉር ሆኖ ይወጣልና። ሲደርቅ ይነሳል። አሁን በእጅ ያለው የሽፍታው ግልባጭ ነው፤ ያበጠው ጎድጉዷል፣ የጎደጎደው አብጧል። በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ የቀለጠ፣ የታማሚውን የቆዳ መሠረታዊ ቀለም የያዘ ሰም በስሱ ይፈስሳል። ከዚያ ሌላ ንብር፣ ከዚያም ሌላ። ሰም ብርሃንን እንደ ድንጋይ አይመልሰውም፤ እንደ ቆዳ ጥቂት ወደ ውስጥ ያስገባውና አለስልሶ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከላይ የተቀባ ቅላትና ከንብሩ ሥር ያለ ቅላት አንድ አይደሉም። ከላይ የተቀባው ቀለም ነው፤ ከሥር ያለው ደም ይመስላል። ቀለሙ ሲጨመር ታማሚው እዚያው ነው፤ ሠሪው አንድ ጊዜ ሕያው እጁን፣ አንድ ጊዜ የሰሙን እጅ እያየ ያስተካክላል። ፀጉር ካስፈለገ ፀጉር አንድ በአንድ ይተከላል። እርጥብ ለሆነው ቁስል ቫርኒሽ ይነካዋል፤ ደረቁ ሳይነካ ይቀራል። በመጨረሻ ሰሙ ጥቁር ጣውላ ላይ ይቀመጥና ዙሪያው በነጭ የተልባ እግር ጨርቅ ይከበባል።

ባሬታ ሰሙን ከምን ከምን ጋር እንደሚያዋሕድና ቀለሙን በትክክል እንዴት እንደሚያስገባ ለማንም ሳያስተላልፍ እ.ኤ.አ. በ1923 አረፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጎበዞች ነበሩ፤ ሥራዎቻቸው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈዋል። ከእርሱ እጅ ወደ ሌላ እጅ ስሻገር ግን ሳልጠየቅ ዓይኔ ይነግረኛል። የሌላው ሽፍታ ቆዳው ላይ አርፏል፤ የባሬታው ከቆዳው ውስጥ ወጥቷል።

በሀገራችን የአንጥረኛ ሥራ ውስጥ ሰም ይህን ያህል ክብር አልነበረውም። አንጥረኛ መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ ጭቃ ያለብሰዋል፣ ያቃጥለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይፈስና በቦታው ብር ወይም ናስ ይገባል። ያ ሁሉ የጣት ጥበብ የሚያርፈው በሚጠፋ ነገር ላይ ነው። ሴን ሉዊ ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ እዚህ የሚጠፋው ሽፍታው ነው፣ ሰሙ ቀርቷል።

የቂጥኝ ቁም ሳጥኖች ብዙ ናቸው፤ ዘመኑ የቂጥኝ ዘመን ነበርና። በፓሪስ የመጀመሪያው የቆዳና የቂጥኝ በሽታዎች ፕሮፌሰር የሆነው አልፍሬድ ፉርኒዬ የራሱን ስብስብ ለብቻው አዘጋጅቷል። ሕመሙን በሦስት ደረጃ የከፈለው ፊሊፕ ሪኮር ከእነርሱ ቀድሞ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ አንድ የማያምም ቁስል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብልት ላይ፣ አንዳንዴም ከንፈር ላይ ወይም በማይታይ ቦታ ይወጣል፤ ራሱ ይድናል። ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል፤ አሁን ጀርሙ በደም ውስጥ ተዘዋውሯል፣ ቆዳ ሁሉ ሊናገር ይችላል። ሦስተኛው ከዓመታት በኋላ በልብ፣ በአጥንት፣ በአንጎል ላይ ይመጣል። እኔን የሚያሳስበኝ መካከለኛው ነው። በዚያ ጊዜ ሰውየው በሽታውን በጣም ያስተላልፋል፣ በቀላሉም ይድናል፤ ምልክቱ ግን ሌላ በሽታ መስሎ ይመጣል።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የትኛው ነው ብለው ቢጠይቁኝ ቁስል የበዛበትን ወይም ቅርፊት የተከመረበትን አላሳይዎትም። ከነዚያ ይልቅ ወደ አንድ የደረትና የሆድ ቅጂ እወስድዎታለሁ። ሲያዩት ምንም የለውም፤ ነጭ ገላ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብለው ብርሃኑ ሲያጋድል ግን፣ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ በጎኑ በኩል፣ ጥፍር የሚያህሉ ሐመር ያሉ ሮዝ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ጠርዛቸው የት እንደሚያልቅ መናገር አይቻልም። ቆዳው አልተነሳም፣ አልተላጠም። ይህ ሮዜዮላ የሚሉት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታይ ይሄዳል። የማይጮኽን ነገር ሳያስጮኹ መቅረጽ ምን ያህል እንደሚከብድ ሥዕል የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ተማሪው እንዲያየው ብሎ ጥቂት ደመቅ ማድረግ እንዴት ባማረው! ባሬታ አላደረገውም። እንዲህ ያለውን ሽፍታ ለማየት መንቀሳቀስ፣ ሰውየውን ወደ መስኮት ማዞር፣ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ሠሪው ይህንን ግዴታ በሰሙ ውስጥ ትቶልናል። ያኔ ሸሚዙን ከገለጠልኝ ሰው ፊት አንድ ቦታ ተቀምጬ፣ በጣሪያ መብራት፣ ምናልባት ለግማሽ ደቂቃ ነው የተመለከትኩት።

ሮዜዮላው ካለፈ በኋላ ወይም ከእርሱ ጋር የሚነሱት ጠጠር ያሉ እብጠቶች ናቸው። እነርሱ ላይ ባሬታ ሌላ ሰው ነው፤ እዚህ ጠርዙ ላይ ይዘገያል። እያንዳንዷ እብጠት ከቆዳው ከፍ የምትልበትን ልክ፣ አናቷ ጠፍጠፍ ያለ ወይም የሾለ መሆኑን፣ ከጎረቤቷ ያላትን ርቀት ለይቷል። ያቺ የቅርፊት ቀለበትም አለች። መካከሉ ላይ ቅርፊቱ ተነስቶ ሄዷል፤ ዙሪያው ላይ ግን ወደ ውስጥ ያየች ስስ አንገትጌ ቀርታለች። ይህች ምልክት በዚሁ ሆስፒታል ባስተማረው በሎራን ቢዬት ስም ትጠራለች። ሌሎች በሽታዎችም ይላጣሉና ይህች ብቻዋን ቂጥኝ ነው ለማለት አትበቃም። መዳፍ ላይ ከወጣች ግን ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ታማሚው መጠጋት አለበት።

በአጠገቡ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተማሪ የሚሳሳትበት ሌላ ገላ አለ። ፒቲሪያሲስ ሮዝያ የሚባለው ቀላል ሽፍታ ነው፤ እርሱንም እ.ኤ.አ. በ1860 የገለጸው የሴን ሉዊው ሐኪም ዢቤር ነው። እርሱና ቂጥኝ ሁለቱም ደረትና ጀርባ ላይ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ሮዝ ናቸው፣ ሁለቱም ስስ ቅርፊት አላቸው። የዢቤሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ክብ እናት ቀድማ ትወጣና ልጆቿ ይከተሏታል፤ ልጆቹ ሞላላ ናቸው፣ ጀርባ ላይ የቆዳውን መስመር ተከትለው እንደ ጥድ ቅርንጫፍ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ መዳፍና ውስጥ እግርን ብዙም አይነኩም። ቂጥኝ እናት የለውም፤ መስመርም አይጠብቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የራሴን ስህተት በሁለት ሜትር ርቀት ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ከዚያ ከንፈሮች ናቸው። በአፍ ጥግ ላይ ያለች እብጠት ለሁለት ተሰንጥቃለች፤ አፍ በተከፈተ ቁጥር የሚከፈት ስንጥቅ። ምላስ ላይ ልስልሱ ሥጋ ተላጦ የጠፋበት ቦታ፣ በከንፈር ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀንድ አውጣ የሄደበት የመሰለ ግራጫ መንገድ። እርጥበቱን ለማሳየት የነካው ቫርኒሽ ዛሬም ያበራል፤ አንድ ሰው አሁን ምራቁን የዋጠ ይመስላል። ከዚያ ደግሞ የራስ ቅል፤ ፀጉሩ እዚህም እዚያም ሳስቷል፣ ብል የበላው ጋቢ ይመስላል። ላሽ አይደለም፤ ላሽ ጠርዙን ለይቶ ክብ አድርጎ ይበላል። ይህ ግን የትኛውም ቦታ ጨርሶ አልመለጠም፣ የትኛውም ቦታ ደግሞ ሙሉ አይደለም። ይህንን ለማሳየት ፀጉር አንድ በአንድ ሲተከል የሚተከለውን ብቻ አይደለም፣ የሚተወውንም መቁጠር ያስፈልጋል። የቅንድብ የውጭኛው ጫፍ ሳስቶ የቀረበት ፊትም አለ፤ እዚያ ፊት ላይ ያለው የዓይን ሽፋን ጨፍኗል፤ ጀሶው ሲፈስበት መጨፈን ነበረበትና። ያ ሰው ትንፋሹን ይዞ እንደጠበቀ አሁንም ይታያል።

ስለ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ሥራዎች ጥቂት ልበል፤ ማለፍ ባሬታን መበደል ይሆናል። በሙቀትና በላብ ባለበት እጥፋት ውስጥ የቂጥኝ እብጠት ይሰፋል፣ ይጠፈጠፋል፣ ላዩ ግራጫ ነጭ ሆኖ ይረጥባል። ብዙ ሰው ኪንታሮት ይለዋል። ኪንታሮት ግን ሻካራ ነው፣ እንደ አበባ ጎመን ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህ ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ጀርሙም ይሞላበታል፤ ጓንት ሳያደርጉ አይነካም። ባሬታ እነዚህን ክፍሎች ከእጁና ከፊቱ በምንም አላሳነሰም። ያው ጥንቃቄ፣ ያው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ። ጨርቁ ሥዕሉን እንደ ፍሬም ለማስዋብ የተደረገ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ነርሷ ለምርመራ ስትሸፍነው ያስተካከለችው አንሶላ ነው የመሰለኝ። የሚታየው ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰው ተሸፍኗል። ከሥር ባለው ጽሑፍ ላይ የበሽታው ስም፣ የሐኪሙ ስም፣ የሠሪው ስም አለ። የታማሚው የለም።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ፤ እርሱም ትንሽ አይደለም። ከመስታወቱ ጀርባ ያሉት አብዛኞቹ ገላዎች ነጭ ናቸው። በፓሪስ ሆስፒታል በፓሪስ ሰዎች ላይ የተሠራ ነውና ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። ነገር ግን በዓለም ሁሉ የተማሩ ሐኪሞች «መዳብ ቀለም»፣ «ሮዝ» የሚሉትን ቃላት ከዚህና ከመሰሉት ስብስቦች ወረሱ። በእኛ ቆዳ ላይ ያ ሮዝ የለም። ሮዜዮላው ጨርሶ ላይታይ ይችላል፤ ከታየም ከጎረቤት ቆዳ ጥቂት የጠቆረ፣ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ ጥላ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ደመቅ ብሎ የሚመጣው ሌላ ቅርጽ ነው፤ በአፍንጫ ክንፍ፣ በአፍ ዙሪያ፣ በአገጭ ላይ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መካከሉ ያልተለወጠ፣ ሳንቲም የሚያካክል ቀለበት። ይህን ቀለበት ያየ ሁሉ ጭርት ነው ይላል። የመዳፍ ነጠብጣብም ያታልላል፤ ብዙዎቻችን ስንወለድ ጀምሮ ወይም በዕድሜ መዳፋችንና ውስጥ እግራችን ላይ ጤነኛ ጥቁር ነጠብጣብ አለን። እርሱ በጣት ሲዳሰስ ቆዳው ያው ነው። የቂጥኙ ደንደን ይላል፣ ጠርዝ አለው፣ ቅርፊት ሊኖረው ይችላል፣ በድንገትም ነው የመጣው። ሳይነኩት አያምም፤ ጫፉ በደነዘዘ ነገር ነጥቡ ላይ ጫን ሲሉት ግን ታማሚው እጁን ሊሰበስብ ይችላል።

ስለዚህ የባሬታን ቀለም ወደ ቤቴ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ይዤ የሄድኩት ጠርዙን ነው፤ ከፍታውን፣ የቅርፊቱን አቅጣጫ፣ ነጥቦቹ የተበተኑበትን ሁኔታ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደተመረጠ። እነዚህ በማንኛውም ቆዳ ላይ ይሠራሉ። አንድ ቀን የእኛ ቆዳ በዚህ ዓይነት እጅ፣ በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ቢሠራ ብዬ እመኛለሁ፤ ፎቶ ሞልቷል፣ እንዲህ ያለ ምልከታ ግን አልሞላም።

የእኛ ሰው ከዚህ ደዌ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ኮቪድ በገባ ጊዜ ወሸባ የሚለው ቃል እንደ አዲስ በየሬዲዮው ተሰማ። የቀድሞ ሰዎች ግን ወሸባ ገባ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ቂጥኝ ነበር፤ ታማሚው ለብዙ ቀናት ከቤት ሳይወጣ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሥር እየተቀቀለለት እየጠጣ የሚታከምበት ጊዜ ነው። ሜርኩሪም ይሰጥ ነበር፤ ፓሪስም የነበራት ከሜርኩሪ ብዙም የተሻለ አልነበረም። ባሬታ ያንን መዳፍ ሲሠራ ሐኪሞቹ በሽታውን ከሩቅ ያውቁታል፣ ሊያድኑት ግን አይችሉም። ጀርሙ ራሱ አልታወቀም ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ሻውዲንና ሆፍማን በርሊን ላይ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ሐኪሙ ማሆኒ አሜሪካ ውስጥ ያሳየው በ1943 ነው።

ይህ ነገር ከአዳራሹ ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም። መድኃኒቱ ደካማ በነበረበት ዘመን ዓይኑ ይህን ያህል ብርቱ ነበር። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለን ሰው አንድ ጊዜ መቀመጫው ላይ የሚወጋ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ያድነዋል፤ እኛ ግን መዳፍ ሳናይ እንሸኘዋለን። የደም ምርመራ አለ እንላለን። አለ፤ ግን ምርመራውን የሚያዘው ሰው መጀመሪያ መጠርጠር አለበት። ደግሞም ሽፍታው በሚበዛበት በዚሁ ጊዜ ፀረ እንግዳ አካሉ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ይበዛና ናሙናው ሳይቀጥን ከተመረመረ ውጤቱ ነፃ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ያን ጊዜ «ደሙን አቅጥናችሁ ድገሙልኝ» የሚለው ቆዳውን ያየ ሰው ብቻ ነው። በሴን ሉዊ የመጨረሻው የሰም ሥራ የተሠራው በ1958 ነው። የቀለም ፎቶ መጥቶ ነበር፤ ፔኒሲሊንም መጥቶ ነበር። ሰም የሚያሠራ ጥድፊያ የሌለበት ምልከታ አብሮ ተዘጋ።

ከመውጣቴ በፊት በሐኪሙ በዡል ፓሮ ስም የተሰበሰቡት የሰም ሕፃናት ያሉበት ጋ ደረስኩ። ከእናታቸው ማሕፀን ቂጥኝ ይዘው የተወለዱ ናቸው። ውስጥ እግራቸው ውሃ ቋጥሮ ተላጧል፤ ከአፋቸው ዙሪያ ስንጥቆች እንደ ጨረር ወጥተዋል። የእጅ ሥራው ከሌሎቹ ያነሰ አይደለም፤ እኔ ግን ብዙ አልቆየሁም። የአንዱ እግር ከመካከለኛው ጣቴ አይበልጥም ነበር። ያኔ ቅባት ሰጥቼ የሸኘሁት ሰው ባለቤት ደሟ በጊዜው ባይመረመር ምን ይሆን እንደነበር አሰብኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ወደ ሥራ በተመለስኩበት ሳምንት፣ በአርባዎቹ መጨረሻ ያለ ሰው አገጩ ላይ የወጣ ቀለበት ይዞ መጣ። ለጭርት የሚሆን ቅባት ገዝቶ ሦስት ሳምንት ቀብቷል። «አላሳከከኝም ዶክተር፣ ግን አልሄደም» አለኝ። መብራቱን አጠፋሁና መጋረጃውን ገለጥኩ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁለት። ፊቱን በአግድም ብርሃን አየሁ፤ ጠርዙ ከፍ ብሏል፣ ከአፍንጫው ክንፍ አጠገብ ሁለተኛ ግማሽ ቀለበት አለ፣ እርሱን ራሱም አላየውም ነበር። ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ፤ ውሃ ሊፈስለት እንደሚጠብቅ ጣቶቹን ላላ አድርጎ። ጓንት አጠለቅሁ፤ መዳፉን መስመር በመስመር ዳሰስኩት።

«አሁን ጫማዎን ያውልቁልኝ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ክሩን ፈታ።

«ካልሲውንም፣ ወንድሜ።»